የሦስት ወሩ ስኳርና ሚዛኑ

ይህን ጽሑፍ ይዘን ወደ መጽሔታችን ክፍል በገባን ጊዜ ከአዘጋጆቹ አንዱ ርእሱን አይቶ፣ «የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኬሚስትሪ የምትጽፉት?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ከሰዋስውና ከታሪክ፣ ከቅኔና ከልብ ወለድ ውጭ ያለውን ዓለም የምናውቀው በወሬ ነው። ከኬሚስትሪ ጋር ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ተሰነባብተናል፤ ስንሰነባበትም በሰላም አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ነገር የመጣብን በመጽሐፍ በኩል ሳይሆን በእናታችን ደም በኩል ስለ ሆነ፣ የእኛ ክፍል አይደለም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስሕተት ቢያገኙብን በሚቀጥለው እትም ይግረፉን፤ ጀርባችን ዝግጁ ነው።

እናታችን የስኳር ሕመም ካገኛት ዘጠኝ ዓመት አልፏል። የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወዲያ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ከታናሽ እኅታችን ጋር ነው። የኢንሱሊን መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፤ በየወሩም ቀጠሮዋ ቀን ጣቷን ተወግታ ትመረመራለች። የሚወጣውን ቁጥር በአሮጌ የሒሳብ ደብተር ላይ እኅታችን ትጽፍላታለች። 118፣ 124፣ 112። ደብተሩን ያየ ሁሉ ያመሰግናታል። እርስዋም ይህን ደብተር እንደ ምስክር ወረቀት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች።

ባለፈው ክረምት ዐይኗ እየደበዘዘ ስላስቸገራት ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ ሐኪም ዘንድም ወሰድናት። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ አየና ፈገግ ብሎ፣ ለማንኛውም ብሎ ሰዎቻችን «የሦስት ወር ስኳር» የሚሉትን፣ በሐኪሞች ዘንድ «ኤ ዋን ሲ» የሚባለውን ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ 10.6 በመቶ ሆኖ መጣ። ከስኳር ሕመም ነጻ የሆነ ሰው ከ5.7 በታች ነው፤ ከ6.5 ጀምሮ ሕመሙ አለ ይባላል፤ ለብዙ ሕመምተኞች የሚመኙት ቁጥር ደግሞ 7 ገደማ ነው። ሐኪሙ ደብተሩን ተመለከተ፤ ወረቀቱን ተመለከተ፤ ከዚያም እኛን ተመለከተ። «ጣት የዛሬን ይናገራል፤ ይኸኛው የሦስት ወሩን ነው» አለና የመርፌውን መጠን በቀን ከ40 ወደ 52 ዩኒት ከፍ አድርጎ ጻፈላት።

እናታችን ከክፍሉ እንደ ወጣን ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ማሽኑ ተሳስቷል» አለች።

እኛ ግን ያለ ብዙ ክርክር የማሽኑን ወገን ያዝን። ለምን እንደ ሆነ አሁን ሲያስቡት ያሳፍራል፤ አንድ የማናውቀው ዕቃ የተናገረውን፣ የወለደችን ሴት ከተናገረችው አስበልጠን አመንን። በእርግጥ ነገሩን የሚያጠናክር ማስረጃ አላጣንም። እኅታችን ስትጠየቅ እናታችን ከቀጠሮዋ በፊት ሦስት ቀን ከጎመንና ከውኃ በቀር እንደማትቀምስ ተናገረች። እንግዲህ ያ የተመሰገነ ደብተር የሠላሳውን ቀን ሳይሆን የሦስቱን ቀን ታሪክ ነበር የያዘው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ብለን በሳይንስ ፋኩልቲ የሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ አንድ ባለንጀራችንን ያዝን። ስሙን እንዳናነሣ ለምኖናል፤ ምክንያቱም የመምህሮቹን ቋንቋ ትቶ በእኛ ቋንቋ ማስረዳቱ ያስነቅፈኛል ብሎ ይፈራል። ሦስት ምሽት ሙሉ በካፌው ጥግ ተቀምጠን ሻይ እየገዛንለት አስተማረን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከሱ የሰማነውንና እሱ ከሰጠን መጻሕፍት የተረዳነውን ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ብርጭቆው ላይ አይጣበቅም። በደም ውስጥ የሚዋኘው ግሉኮስ ግን ያገኘው ፕሮቲን ላይ ቀስ በቀስ ይጣበቃል። ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ነው። ማንም ሳያዝዘው፣ ኤንዛይም ሳያገናኘው፣ በመጋፋት ብቻ ግሉኮሱ ይለጠፍበታል፤ ከተለጠፈና ከጠና በኋላም ቀይ የደም ሕዋሱ ሊያራግፈው አይችልም። ሕዋሱ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለ ሆነ እስኪሞት ድረስ ተሸክሞት ይዞራል። ባለንጀራችን ይህን ሲነግረን እኛ የታየን ነጠላ ነው። አቧራ የበዛበት መንገድ ሲጓዝ የሰነበተ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ፊቱን ቢታጠብ ፊቱ ይጸዳል፤ ነጠላው ግን የመንገዱን ይናገራል። የእናታችን የሦስት ቀን ጎመን ፊት መታጠብ ነበር።

የዚህን የተለጠፈ ስኳር ከሕመሙ ጋር ያለውን ዝምድና በመጀመሪያ ያስተዋለው ሳሙኤል ራህባር የተባለ ኢራናዊ ነው። በ1960ዎቹ በቴህራን ዩኒቨርሲቲ የሰዎችን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ እያስኬደ ሲመረምር፣ በስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ከሌላው ፈጠን ብሎ የሚሄድ አንድ መስመር አየ፤ በ1968ም አሳተመው። ይህን የምናነሣው በከንቱ አይደለም። ትልልቅ ግኝቶች ሁሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ የሚበቅሉ ለሚመስለን ለእኛ፣ ቴህራን ላይ ቆም ማለት ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንግባ። አንድ ሄሞግሎቢን ስኳር ተለጥፎበት እንደ ሆነና እንዳልሆነ እንዴት ይታወቃል? የባለንጀራችን መልስ «ይመዘናላ!» የሚል ነበር። የሚመዝነውም ዕቃ ስሙ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። (የፊዚክስ ሰዎች ክብደት ሳይሆን መጠነ ቁስ በሉት ብለው ይቆጡናል፤ ይቅርታቸውን እየጠየቅን በክብደት እንቀጥላለን።) እኛ ይህን ዕቃ በፎቶግራፍ ብቻ ነው ያየነው። ብዙ ቱቦ የተቀጠለበት ማቀዝቀዣ ይመስላል እንጂ ሚዛን አይመስልም፤ ሳሕንም ድንጋይም የለውም።

አሠራሩን ለመረዳት ገበሬ በአውድማ ላይ እህሉን በመንሽ ሲያዘራ ማሰብ ነው። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ገለባው ግን ራቅ ብሎ፣ ፍሬው ቀረብ ብሎ ይወድቃል። ገበሬው ማንንም አልመዘነም፤ የወደቀበትን ቦታ አይቶ ግን ቀላሉንና ከባዱን ያውቃል። በማሽኑ ውስጥ ነፋሱ የኤሌክትሪክ ወይም የማግኔት ኃይል ነው። ስለዚህ የሚመዘነው ነገር አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝና አየር በሌለበት ባዶ ቦታ እንዲበር ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ የካምብሪጁ አስተን በ1919 መሣሪያውን ሠርቶ ኒዮን የተባለው ጋዝ 20 እና 22 የሚመዝኑ ሁለት ዐይነት አቶሞች እንዳሉት አረጋገጠ፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ኒዮን ጋዝ ስለ ሆነ ለመብረር አይቸገርም። ፕሮቲን ግን ከባድ ነው፤ ላብርርህ ብለው ቢያሞቁት ያርራል። ስኳርን በምጣድ ላይ አሙቆ ተን ለማድረግ የሞከረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ይህ ችግር ብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። በ1980ዎቹ ግን ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ፈቱት። አንደኛው አሜሪካዊው ጆን ፌን ነው። ፕሮቲኑን በፈሳሽ አሟሙቶ፣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በተሰጠው ቀጭን መርፌ በኩል እንደ ጉም ረጨው፤ ጠብታዎቹ እየደረቁ ሲያንሱ ሙሉ በፕሮቲኑ ላይ ይቀራል፤ ፕሮቲኑም ሳያርር ይበራል።

ሁለተኛው ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ብናስረዝም አንባቢ አይከፋም ብለን እናምናለን። ታናካ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሳለ የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተና ወድቆ አንድ ዓመት ደግሟል። (የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ሆይ፣ በሰው ላይ የምታደርሱትን ግፍ ልብ በሉ!) በ1983 የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ሺማድዙ በተባለ ኩባንያ ተቀጠረ። በ1985 ለሙከራ የሚሆን ደቃቅ የኮባልት ዱቄት ሲያዘጋጅ በስሕተት ሌላ ፈሳሽ፣ ግሊሰሪን፣ ቀላቀለበት። ዱቄቱ ውድ ስለ ነበር መድፋቱ አሳዘነውና እንዳለ በሌዘር ብርሃን መታው። ያ የተበላሸ ድብልቅ ሌሎቹ ያልሠሩትን ሠራ፤ ትልልቅ ሞለኪውሎች ሳይሰባበሩ በረሩ። በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹ ለፌንና ለታናካ ሲሰጥ ፌን የ85 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ታናካ ደግሞ 43 ዓመቱ ሲሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ትምህርት አልነበረውም። ባለንጀራችን ይህን ካወጋን በኋላ የራሱን የማሟያ ጽሑፍ አስታውሶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

እንግዲህ ወደ ሄሞግሎቢን እንመለስ። ፕሮቲን ማለት በክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነው፤ እያንዳንዱ ዶቃ አሚኖ አሲድ ይባላል። ከሄሞግሎቢን ክሮች አንደኛው፣ ቤታ የተባለው፣ 146 ዶቃ አለው። የሃይድሮጂን አቶም አንድ ያህል ይመዝናል ብንል ይህ ክር 15,867 ይመዝናል። የሦስት ወሩ ስኳር የሚባለው በዚህ ክር የመጀመሪያ ዶቃ ጫፍ ላይ የተለጠፈው ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ 180 ይመዝናል፤ ሲለጠፍ ግን 18 የምትመዝን አንዲት ውኃ ትወጣለች፤ ስለዚህ ክሩ ላይ የሚጨመረው 162 ነው። ይህን ቁጥር ያዙልን።

ክሩን በሙሉ ከመመዘን ይልቅ ጫፉን ቆርጦ መመዘን ይሻላል። ግሉታሚክ አሲድ የተባለውን ዶቃ ባገኘ ቁጥር ከኋላው የሚቆርጥ ኤንዛይም አለ፤ በቤታ ክር ላይ ስድስተኛው ዶቃ እሱ ስለ ሆነ ስድስት ዶቃ ያላት አንዲት ቁራጭ ትለያለች። ስኳር የሌላት 694፣ ስኳር ያለባት 856 ትመዝናለች። በማሽኑ ወረቀት ላይ ግን የሚታዩት ቁጥሮች 348 እና 429 ናቸው። እዚህ ላይ እኛ ግራ ተጋብተን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ የሚያነበው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ለሙሉ ብዛት ሲካፈል ነው። ቁራጯ ሁለት ሙል ይዛ ስለምትበር ሁሉም ነገር በግማሽ ይታያል፤ 162ም 81 ይሆናል። ባለንጀራችን 429 ላይ 348ን ቀንሱ አለን፤ ቀነስን፤ 81 ሆነ። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የኬሚስትሪ ሒሳብ በእጃችን ሲወጣ ስላየን ሻይ ደገምንለት።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ነው፤ ከሺህ ቁራጭ ስንቱ ከባዱ፣ ስንቱ ቀላሉ? ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን በ2002 ያወጣው የማመሳከሪያ ዘዴ በዚህ ላይ ከተመሠረቱት ነው። የእናታችን ደም በዚህ ትልቅ ማሽን ገብቷል ማለታችን እንዳልሆነ ግን አንባቢ ይረዳልን። በየሆስፒታሉ ያለው መሣሪያ ሌላና ርካሽ ነው። በገበያ ያለች የበርበሬ ነጋዴ ኪሎዋን ይዛ ትመዝናለች፤ የኪሎዋ ትክክለኛነት ግን የሚታወቀው በሌላ ቦታ ከተጠበቀ ኪሎ ጋር ሲመዛዘን ነው። ትልቁ ማሽን ያ የተጠበቀው ኪሎ ነው።

ይህ የተጠበቀ ኪሎ ሲመጣ አንድ የሚያስቅ ጉድ ወጣ። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ስኳር የተለጠፈበትን ሄሞግሎቢን ሲቆጥሩ ሌላም ያልሆነ ነገር አብረው ይቆጥሩ ነበር። የእናታችን 10.6 በመቶ ከሺህ 106 ማለት ይመስላል፤ በአዲሱ ሚዛን ግን ከሺህ 92 ብቻ ነው። ታዲያ ለምን የድሮው ቁጥር አልተጣለም? በ1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሕመምተኞችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ዐይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን እንደሚጠብቅ ያስረዳው በድሮው ቁጥር ነበር። ሐኪሙም ሕመምተኛውም «7 በታች» የሚለውን ለምደዋል። ስለዚህ ትክክለኛውን ሚዛን አግኝተው፣ በቀመር ወደ ልማዱ ቁጥር እየመለሱ ይጽፋሉ። እኛ የፊደል ነገር ያስተማሩን ሰዎች ስለ ሆንን ይህ አላስደነቀንም፤ ፊደላችን ይሻሻል የሚለው ክርክር ስንት ዘመኑ ነው?

ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ ከሁሉ ይበልጥ የማረከንን እንጻፍ። ከላይ ያየነው ስኳር ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው። ሰውነታችን ግን ራሱ ሆን ብሎ፣ በኤንዛይም እየለካ፣ በፕሮቲኖቹ ላይ የስኳር ሐረግ ይተክላል። የደም ዐይነት ኤና ቢ የምንለው ልዩነት በሐረጉ ጫፍ ላይ ያለች የአንዲት ስኳር ልዩነት ነው፤ በኤ ላይ የተሰካችው ለክብደቱ 203፣ በቢ ላይ የተሰካችው 162 ትጨምራለች፤ ኦ ሁለቱም የሉትም። ሰው የተሳሳተ ደም ተሰጥቶት የሚሞተው በዚህች ልዩነት ነው። ማሽኑ እንዲህ ያለውን ሐረግ ያነበዋል። ፕሮቲኑን ከጋዝ ጋር እያጋጨ ሲያናጋው በመጀመሪያ የሚረግፈው ስኳሩ ነው፤ 162 ሲጎድል አንድ ዐይነት፣ 203 ሲጎድል ሌላ፣ 291 ሲጎድል ደግሞ ሌላ ስኳር መውደቁ ይታወቃል። የሠለጠነ ሰው 204 የሚል መስመር ካየ ስኳር ያለበት ቁራጭ እንደ መጣ ወዲያው ያውቃል። ነገር ግን ሐረጉ ከረገፈ በኋላ በየትኛው ዶቃ ላይ እንደ ነበረ ማወቅ ያስቸግራል፤ ለዚህም ከ2004 ወዲህ ስኳሩን ሳይነካ ክሩን የሚበጥስ ሌላ የማፈራረሻ ዘዴ መጥቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ እያለው ማሽኑ አንድ ድካም አለው። ግሉኮስ፣ ጋላክቶስና ማኖስ ሦስት ልዩ ልዩ ስኳሮች ናቸው፤ ለሕዋሱ ትርጉማቸው ይለያያል። ክብደታቸው ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም 180፣ ሲሰኩም ሦስቱም 162። ለሚዛን ሦስቱ አንድ ናቸው። ይህን ስንሰማ «ይህማ የእኛ ነው!» ብለን ጮኽን። ሰአለ ሲባል ለመነ ማለት ነው፤ ሠዓለ ሲባል ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ዛሬ ለሚያነበው አማርኛ ተናጋሪ ግን በጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጆሮ የማይለየውን ዐይን ይለየዋል። ለስኳሮቹም እንዲሁ ሌላ ስሜት ይጨመራል፤ አንዱን ስኳር ብቻ መርጦ የሚቆርጥ ኤንዛይም፣ ወይም በቅርጻቸው የተነሣ በጋዝ ውስጥ ቶሎና ዘግይተው እንዲያልፉ የሚያደርግ መሣሪያ። ባለንጀራችን፣ «ሚዛን 162 መጣ ይልሃል፤ ማን እንደ መጣ አይነግርህም» አለ። በሄሞግሎቢን ጉዳይ ይህ አያሳስብም፤ በደም ውስጥ ሞልቶ የሚዋኘው ግሉኮስ መሆኑ የታወቀ ነውና።

እኛም በዚህ ሁሉ ዕውቀት ታጥቀን ለእናታችን ደወልን። ያ ስልክ ባይደወል እንመርጥ ነበር። ስለ ነጠላውና ስለ አቧራው፣ ደም እንደማይዋሽ፣ ሦስት ቀን ጎመን መብላት ማንንም እንደማያታልል፣ ማሩንና ዳቦውን፣ በየማኅበሩ የምትቀምሰውን ጠላ ሁሉ እየጠራን አስተማርናት። ሐኪሙ የጻፈውን 52 ዩኒት አንዲት ሳታጎድል እንድትወጋም አስማልናት። እናታችን ብዙ አልተናገረችም። «እሺ» አለች።

በሦስተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እኅታችን ደወለች። እናታችን በላብ ርሳለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ስሟን ሲጠሯት ሌላ ትመልሳለች። ከጎረቤት የመጡት ሴትዮ ስኳር በውኃ በጥብጠው በማንኪያ እያጠጧት ነበር። ስኳሯ ወርዶ ነው። ስልኩ ሳይዘጋ ቆየን፤ ድምፅዋን እስክንሰማ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሆን አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያየነው ኬሚስትሪም ቅኔም የለም።

ሲነጋ እኅታችን የመድኃኒቱን ብልቃጥ አወጣች። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 40 ለምትወጋ ሰው በ25 ቀን ማለቅ አለበት። የእናታችን ግን የተገዛበት ቀን ሲቆጠር ከ50 ቀን አላነሰም። በቀን 20 ትወጋ ነበር ማለት ነው። በየማኅበሩ ጠላ አልጠጣችም፤ ማርም አልላሰችም። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት በራሷ ገንዘብ ትገዛለች፤ ገንዘቡ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ለእኛ ከምትልከው ጋር ከአንድ መቀነት የሚፈታ ነው። ስለዚህ ብልቃጡን ለሁለት ወር አደረገችው። የቀጠሮዋ ሰሞን የምትጾመውም እንዳይታወቅባት ነው። በሚያዝያ የላከችልን ገንዘብ ላይ ጫማ ገዝተንበታል። ዛሬም በእግራችን ነው።

ሐኪሙ በተነገረው ልክ ነው የሠራው። 10.6 የሚለውን አየ፤ 40 ትወጋለች ተባለ፤ 40 አልበቃትም አለ። ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ ከሺህ 92 በእርግጥ ተለጥፎ ነበር። እርስዋ ግን ከ20 ወደ 52 በአንድ ሌሊት ዘለለች፤ በዚያ ላይ ከስድባችን የተነሣ እራቷን ትታ ተኝታ ነበር። በማግሥቱ እውነቱን ይዘን ወደ ሐኪሙ ስንሮጥ መጠኑን ወደ 40 መለሰና፣ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በጣት እየተለካ ይጻፍ አለ። ባለንጀራችንንም አግኝተን ነገርነው። የሻዩን ብርጭቆ እያሽከረከረ ቆየና፣ «ማን እንደ መጣ አይነግርህም ብዬህ አልነበር?» አለ። ስለ ማኖስ ይሁን ስለ እናታችን አልጠየቅነውም።

አሁን የምንጠብቀው ጊዜ ነው። በዚያ በ20 ዩኒቱ ዘመን የተወለዱት ቀይ ሕዋሳት ስኳራቸውን እንደ ተሸከሙ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ማንም ሊያጥባቸው አይችልም። አዲሶቹ እየተተኩ ሦስት ወር ሲሞላ እንደገና ትመረመራለች። እኅታችን አዲስ ደብተር ጀምራለች፤ በዚህኛው ላይ 210ም፣ 187ም፣ 240ም ተጽፎበታል። በነጭ ጨርቅ የሚጠቀለል ደብተር አይደለም።

እኛም በሳምንት ሁለት ምሽት የጎረቤት ልጆችን አማርኛና እንግሊዝኛ ማስጠናት ጀምረናል። ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያውን ደመወዝ ተቀብለን ለአንድ ብልቃጥ የሚበቃውን ላክን፤ ብልቃጡም በሃያ አምስተኛው ቀን ማለቁን እኅታችን አበሠረችን። በዚያኑ ምሽት እናታችን ደወለች። እንደ ፈራነው ስለ ጤናዋ ለመናገር አልነበረም። «ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው አይደል?» አለች። «ለመሆኑ ፈተና መቼ ነው? የሰው ልጅ ሲያስጠና የሚያመሽ ሰው የራሱን መቼ ያጠናል?» ከዚያም ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ ጠይቃ፣ ስንነግራት ውድ ነው ብላ ተቆጣች፤ ርካሹን መድኃኒት ቤት አታውቁትም አለችን።